ዶክመንተሪ ኤዲተር ነኝ፤ "ባለታሪኩ ሳያየው ፊልም አይቆለፍ" እላለሁ። እናንተስ?

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ስለ ካሜራና ስለ ድሮን ብዙ ይወራል። ኤዲቲንግ ሲነሳ ግን ወሬው "ስንት ራም ይበቃኛል" ላይ ይቆማል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ዶክመንተሪ በፍሪላንስ ኤዲት እያደረጉ መኖር ይቻላል ወይ?" ያላችሁኝ አላችሁ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ እዚሁ ልጻፈው። የምከራከርበት ነገርም አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ሰርግ ነው። ሰርግን አትናቁ። ከስድስት ሰዓት ፉቴጅ (የተቀረጸ ምስል) ውስጥ እናትየው ልጇን ስታይ ፊቷ የተለወጠበትን ሁለት ሰከንድ ፈልጎ ማውጣት እዚያ ነው የሚለመደው። የሙሽራው አጎት "እኔ ለምን አልታየሁም" ብሎ ሲደውል መልስ መስጠትም እዚያው ይለመዳል። ከሰርግ ማስታወቂያ ቤት ገባሁ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ሪል እስቴት። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ፍጥነት ተምሬበታለሁ፣ ደሞዝም ነበረው።

ቀጥሎ ለእርዳታ ድርጅቶች ቪዲዮ የሚሠራ ፕሮዳክሽን። ይቺን የሚያውቅ ያውቃታል። ድሮን ከላይ፣ ዋሽንት፣ "ሕይወቴ ጨለማ ነበር"፣ ድርጅቱ መጣ፣ ፒያኖ፣ ፈገግታ፣ ሎጎ። አምስት ደቂቃ። የሴትዮዋና የወረዳው ስም ይቀየራል እንጂ ታይምላይኑ (የምስሎቹ አሰላለፍ) ያው ነው። እዚያ መቆየት ሲሰለቸኝ ወጥቼ በግሌ ጀመርኩ።

ኮዬ ፈጬ የገባሁት ለፊልም ብዬ አይደለም፤ ኪራዩ ስለተሻለኝ ነው። ግን ሥራው እዚሁ ተከተለኝ። አሁን እጄ ላይ የሚገቡት ፕሮጀክቶች ከሞላ ጎደል ከከተማው ዳርቻ የተቀረጹ ናቸው። ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው በአቃቂ ወንዝ ስለሚለማ አትክልት ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማውን አቋርጠው፣ የቤቱንም የፋብሪካውንም ቆሻሻ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማባቸዋል። አሁን ኤዲተሩ ፊት ሦስት ሾት አለ በሉ። ቱቦ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ። ሴትዮዋ ጎመን ስታጥብ። ልጅ ሲበላ። ቱቦውን ካስቀደምክ ሴትዮዋ ተበዳይ ናት። ከጎመኑ ጀምረህ ቀጥታ ወደ ልጁ ከሄድክ ሴትዮዋ መርዝ ሻጭ ሆነች። ምንም ቃል አልተጨመረም፣ ምንም ውሸት የለም። በማግስቱ ግን ገበያ ላይ ጎመኗን የሚነካ የለም። ቱቦው ደግሞ እንደፈለገው ይፈሳል። እዚህ ፊልም ላይ ከዳይሬክተሩ ጋር በጣም የተጨቃጨቅነው በዚህች ቅደም ተከተል ነው።

ሁለተኛው ከአረብ አገር ስለተመለሱ ሴቶች ነው። በ2006 ከሳውዲ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሷል። ካሜራ የዚያን ጊዜ ኤርፖርት ሞልቶ ነበር። ዛሬ እንዴት እንደሚኖሩ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። እዚህ የተማርኩት ማንነትን መደበቅ ፊት ላይ ብዥታ ማድረግ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጎረቤት በነጠላዋ ጥለት ያውቃታል፣ በበሩ ቀለም ያውቃታል፣ በሳሏ ያውቃታል። ድምፅ አወፍሮ ወይም አቅጥኖ መደበቅም አያስተማምንም፤ ሶፍትዌር ያለው ሰው መልሶ ይፈታዋል። ስለዚህ ቃሏን እንዳለ ሌላ ሴት እንድታነበው አደረግን። ምስሉን ደግሞ ከእጇና ከምድጃው ላይ ብቻ ሠራነው።

ሦስተኛው አሁን ታይምላይን ላይ ያለው ነው፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ስለሆኑ ገበሬዎች። ሕንፃው እስከ ማሳቸው ጠርዝ የመጣባቸው ሰዎች። ብዙው ፉቴጅ ኦሮምኛ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ። ፊልሙ ፒክቸር ሎክ ከመደረጉ፣ ማለትም የምስሉ ቅንብር አልቆ ከመቆለፉ በፊት ባለታሪኩ ቁጭ ብሎ ይየው ባይ ነኝ። ምርቃቱ ቀን አይደለም፣ አዳራሽ ውስጥ ከሚኒስትር ጎን ተቀምጦ አይደለም። ገና መቀየር የሚቻልበት ጊዜ ላይ። ይህ ደግሞ በኤዲተሩ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በውሉና በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። "ፈርሞልናል እኮ" የሚለው መልስ አይበቃኝም። ሰውየው የፈረመው ለመቀረጽ ነው። ምን ሆኖ እንደሚወጣ ሲፈርም አያውቅም፤ ቀራጩም አያውቅም። የሚታወቀው እኔ ወንበር ላይ ነው።

እስቲ ተቹ።

---

ባትሪ_አለቀ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

አንደኛ ነኝ 😀 አንብቤ እመለሳለሁ። ረጅም ነው።

---

ካሜራማን_ከሰበታ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ሐሳቡ ደስ ይላል ወንድሜ፣ ግን ጥፋቱን ሁሉ ወደ ኤዲቲንግ ክፍል አትውሰደው። እኛ ሜዳ ላይ ስንቱን እናያለን። ሰውየው ቡና አፍልቶ፣ እርጎ አቅርቦ፣ ከቤቱ ሲሸኝህ "መቼ ነው የምናየው?" ይልሃል። "በቅርቡ" ትላለህ። መልሱን እኮ አታውቀውም። ከቀረጽክ በኋላ ሃርድ ዲስኩን ታስረክባለህ፣ አለቀ። ሁለተኛ ስትሄድ የሚጠይቁት አንተን ነው እንጂ ዳይሬክተሩን አይደለም፤ የሚያውቁት ፊት ያንተን ስለሆነ።

በዚያው ጀማሪዎች ካላችሁ አንድ ነገር። ከዱባይ የሚመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50 አድርጉት። ካልሆነ ቤት ውስጥ በሸምበቆ መብራት የቀረጻችሁት ሁሉ ይርገበገባል፣ ኤዲተሩም ይሰድባችኋል።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡12

@ካሜራማን_ከሰበታ እውነትህን ነው፣ "መቼ ነው የምናየው" የሚባለው አንተ ነህ። ለዚህም ነው በውሉ ይግባ ያልኩት። መልስ ይዘህ እንድትሄድ።

(መሳደቡን በተመለከተ፦ አዎ እንሳደባለን።)

---

ጀማሪ_አያት | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡30

ሰላም። እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ትምህርቴ ፊልም አይደለም። በስልክ ቀርጬ በነፃው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው የምሠራው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ኢንተርቪው ስሠራ መጀመሪያ ድምፁና ከንፈሩ ይገጥማል፣ አሥር ደቂቃ ሲሆን ይለያያል። ለምን? ሁለተኛ፣ የአማርኛ ሰብታይትል ስለጥፍ እንግሊዝኛ ኮተት ይሆንብኛል። ጽሑፉን ያገኘሁት ከአንድ ቢሮ ነው።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

@ጀማሪ_አያት የመጀመሪያው፦ ስልክ ሲቀርጽ የፍሬም ብዛቱን እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በተለይ ድምፁን በሌላ መቅጃ ከቀረጽክ እየቆየ ይንሸራተታል። ታይምላይን ላይ ከመጣልህ በፊት በሃንድብሬክ (ቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ነው) ወደ ቋሚ ፍሬም ቀይረው፤ ነፃ ነው። ሁለተኛው፦ የቢሮው ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር) የተጻፈ ይሆናል። የድሮው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ ሲቀየር ኮተት ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ አስቀይረው፣ ኤስአርቲ ፋይሉን (የሰብታይትሉን ፋይል) በዩቲኤፍ 8 ሴቭ አድርገው፣ ከዚያ ኒያላ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ስጠው።

ነፃው ሪዞልቭ ለጀማሪም ከጀማሪ ላለፈም ይበቃል። ክራክ (የተሰበረ ሶፍትዌር) አትፈልግ።

---

ሀና_ኮሚዩኒኬሽን | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ ሎጎ ከምንለጥፈው 🙂። የእርዳታ ድርጅት ኮሚዩኒኬሽን ክፍል ነው የምሠራው። ስድቡን ተቀብያለሁ፣ ዋሽንቱም ይብቃ። ግን ጥያቄዎቼን መልስልኝ።

ሪፖርት የሚገባበት ቀን አለ። ቪዲዮው በዚያ ቀን ካልደረሰ የሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ይዘገያል፤ የሚዘገይበት ደግሞ ያው ባለታሪኩ ነው። አንተ ቁጭ ብሎ ይየው ትላለህ። እሺ፣ አይቶ "ይቺን አውጣልኝ" ቢልስ? "ልጄን ጨምርልኝ" ቢልስ? አንድ ጊዜ አንድ አባወራ የሚስታቸው ንግግር በሙሉ ይውጣ ብለው ድርቅ አሉብን። የሷን ንግግር እሳቸው ሊያስወጡ ይችላሉ ማለት ነው?

ትልቁ ጥያቄዬ ደግሞ ይሄ ነው። ባለታሪክ ማለት ማን ነው? የአቃቂው ፊልምህ ላይ ጎመን አጣቢዋ ባለታሪክ ናት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ኢንተርቪው ሰጥቶ ከሆነ እሱም ባለታሪክ ነው። እሱም ከሎክ በፊት ይይ? አይቶ ጠበቃ ይዞ ይመጣል እኮ።

---

የገበሬ_ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡02

ለሀና መልስ ከመሰጠቱ በፊት እኔ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ሁላችሁም ከካሜራው ኋላ ናችሁ። እኔ ከፊቱ ነኝ። ማለቴ አባቴ።

ያደግኩት ቱሉ ዲምቱ ጋ ነው። አባቴ ከአንድ በላይ ፊልም ላይ ወጥቷል። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው። በትሩን ተደግፎ ቆሞ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ያያል። በቃ። እንዲያ ሆኖ እንዲቆም የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ እሱ በተፈጥሮው ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አይደለም። አባቴ ወሬኛ ነው! ስለ ውኃ መውረጃ ቦዩ፣ ሕንፃው ሲሠራ ቦዩ ስለተደፈነና የተረፈችው ማሳ በክረምት ስለምትጥለቀለቅ ያወራቸዋል። ሁለት ሰዓት ያወራል። ፊልሙ ላይ የሚወጣው ዝምታው ነው።

ከሁሉም ያናደደችኝን ልንገራችሁ። አንደኛው ፊልም ላይ በአማርኛ የሚተርከው ድምፅ "ያለ አንዳች ካሳ ተፈናቀሉ" ይላል። አባቴ ካሳ ተከፍሎታል። የተከፈለው በድሮው አዋጅ 455/1997 ነው። በዚያ ሕግ ለገበሬ የሚታሰበው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። አባቴ ሲያወራ የነበረው ይህንን ነው። "ከኔ በኋላ የተነሳው በ15፣ እኔ በ10፤ መሬቱ ያው መሬት" እያለ። ይህ ሊሰሙት የሚገባ አቤቱታ ነው። እነሱ ግን "ምንም አልተከፈለም" ብለው አቀለሉት። ሠፈር ውስጥ ሰው አይቶ ምን አለ? "ወስዶ ካደ" አለ። አባቴ እስከ ዛሬ ዕድር ላይ ይቀለድበታል።

አንድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ቢያሳየው በአንድ ደቂቃ ያስተካክለው ነበር።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

@የገበሬ_ልጅ እህቴ፣ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። የኔ ረጅም ጽሑፍ ያላለውን አንቺ ብለሽዋል። ቦዩን በተመለከተ፣ አሁን የያዝኩት ፉቴጅ ላይም ሦስት ሰው ስለ ውኃ መውረጃ ያወራል። "ቴክኒካል ነው፣ ይውጣ" ተብሎ ነበር። መልሼ አስገባዋለሁ።

@ሀና_ኮሚዩኒኬሽን ጥያቄዎችሽ ትክክል ናቸው፣ በተለይ የመጨረሻዋ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ማየት ማለት መሰረዝ ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ይስተካከላል፦ ሐቁ የተሳሳተ ከሆነ፣ ወይም ሰውየውን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ። "ፊቴ አላማረም" እና "የእህቴ ልጅ ይግባ" አይስተናገድም፤ ይህንን ከማሳየቴ በፊት እናገራለሁ። የሚስቱን ንግግር ባልየው አያስወጣም። የሷ ናት። እሷን ለብቻዋ ነው የማሳየው፣ ቢቻል ሴት የቡድኑ አባል ባለችበት።

ሥራ አስኪያጁ? አይ። እሱን ከሎክ በፊት ፊልሙን አላሳየውም። ጥያቄውን በጽሑፍ እልክለታለሁ፦ "ቱቦው የእናንተ ነው ተብሏል፣ መልሳችሁ ምንድነው?" ይመልስ፣ መልሱን አስገባለታለሁ። እሱ ስህተት ቢወጣበት መግለጫ ያወጣል፣ ጠበቃ አለው፣ ጋዜጠኛ ይጠራል። ጎመን አጣቢዋ ምን ታወጣለች? እኩል ስላልሆኑ እኩል አላስተናግዳቸውም። ይህ ሚዛናዊ አይደለም የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

---

ጋሽ_ቴፕ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

ልጆች፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቤታካም ዘመን ከቴፕ ወደ ቴፕ እየገለበጥን ነበር የምናቀናብረው። መሐል ላይ አንዲት ሾት ለማሳጠር ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መገልበጥ ነው። ስለዚህ ቀድመን እናስብ ነበር። አሁን "አንዱ" (undo) ብላችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ማሰብ ቀረ። (ይህንን ለመውቀስ ሳይሆን ለማስቀናት ነው የጻፍኩት።)

በኛ ጊዜ ከመተላለፉ በፊት ፊልሙን የሚያይ ሰው ነበር። አለቃ ነበር። ከአለቃው በላይ ደግሞ ሌላ አለቃ። "ይህ ይውጣ" ሲል ይወጣል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ባለታሪኩ ይይ የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣም። ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ማሳየት የሚባለው ነገር ሲለመድ ቀስ ብሎ ማን እጅ እንደሚገባ ተጠንቀቅ። ዛሬ ገበሬው ይይ ትላለህ፤ ነገ ወረዳው "እኔም የገበሬው ተወካይ ነኝ" ብሎ ይመጣል። ያኔ ምን ትለዋለህ?

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡22

ጋሼ፣ ይቺ ከባድ ናት። እስካሁን የማደርገው ዕይታውን በባለታሪኩ ቤት፣ በላፕቶፕ፣ በቤተሰብ ደረጃ ማድረግ ነው። አዳራሽ ካስፈቀድክ ደብዳቤ ይመጣል፣ ደብዳቤ ከመጣ ተወካይ ይመጣል። ውሉ ላይም "ባለታሪክ" የሚለው በስም ተዘርዝሮ ነው የሚጻፈው፣ "የአካባቢው ማኅበረሰብ" አይባልም። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ካለዎት ይንገሩኝ።

---

ጋሽ_ቴፕ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡31

የለኝም። በስም መዘርዘሩ ግን ጥሩ ነው።

---

አየር_ጤና_ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

ፒክቸር ሎክ ብቻ አይደለም ችግሩ። አርካይቩስ፣ ድሮ ተቀርጾ የተቀመጠው ምስልስ?

እኔ ያደግኩት ከቆሼ ብዙም ሳልርቅ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ሠፈሩ በካሜራ ተጥለቅልቆ ነበር። መቅረጹ ልክ ነው፣ ዓለም ማየት ነበረበት። ነገር ግን እነዚያ የሚያለቅሱ እናቶች ምስል ከዚያ በኋላ የት የት እንደገባ ታውቃላችሁ? ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ እነሱ። ስለ ስደት ሲወራ እነሱ። አንድ ጊዜ ስለ አእምሮ ጤና በተሠራ ቪዲዮ ላይ የማውቃትን ሴትዮ አየሁ። ልጇን ያጣችበት ቀን ነው እኮ! ከሥር "ድብርት" ተብሎ ተጽፏል። ይህን የሚለጥፈው ኤዲተር ነው። "ቢ ሮል (ማጀቢያ ምስል) አጠረኝ" ብሎ ከዩቲዩብ ያወርዳል።

እሷ ፈርማለች? አልፈረመችም። አሳይተዋታል? የሚያሳያት ሰው ስሟን እንኳ አያውቅም።

---

ካሜራማን_ከሰበታ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡25

ይህ ልክ ነው። እኔ የቀረጽኩት የለቅሶ ምስል በሌላ ሰው ፊልም ላይ አግኝቼ አውቃለሁ። ለኔም አልተከፈለኝም (የቅጂ መብቱ አዋጅ 410/1996 አለ፣ ማን ይከስሳል)፣ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያናደደኝ ለቅሶው ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ነው።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡40

@አየር_ጤና_ልጅ እኔ የማደርገው፦ ያዘነ ሰው ፊት ያለበት አርካይቭ ከራሱ ክስተት ውጪ ታይምላይኔ ላይ አይገባም። ሙሉ በሙሉ። ባዶ ወንበር፣ መንገድ፣ ዝናብ ቅረጹልኝ እላለሁ። ካልቀረጹ ጥቁር ፍሬም ላይ ድምፁን ብቻ አስሄዳለሁ። ደንበኛ ይቆጣል፤ ሲቆይ ግን "ጥሩ ነው፣ አርቲስቲክ ነው" ይላል።

---

ባትሪ_አለቀ | ሐሙስ፣ ቀን 8፡15

ተመልሻለሁ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ሥነ ምግባሩ ገባኝ። አሁን ስለ ብር እናውራ። በደቂቃ ነው ወይስ በቀን የምታስከፍለው? ኮዬ መብራት ሲጠፋስ? ፋይሉንስ በምን ትልካለህ? ይህን ካልነገርከን ሌላው ስብከት ነው 😀

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡55

ሃሃ፣ እሺ።

ለዶክመንተሪ ባለቀለት ደቂቃ አታስከፍሉ። የ26 ደቂቃ ፊልም ነው ብለው ይመጡና 40 ሰዓት ፉቴጅ ይሰጣችኋል። አንዴ ለማየት ብቻ 40 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሳምንት ሥራ፣ አንዲት ቁራጭ ሳትቆርጡ። ትርጉም ካለው ደግሞ እጥፍ። በቀን ወይም በሳምንት አስከፍሉ፣ ስንት ዙር እርማት እንደሚካተትም ጻፉ። ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበሉ ሃርድ ዲስክ አትረከቡ። ሃርድ ዲስክ ከተረከባችሁ መጋዘን ጠባቂ ሆናችሁ ማለት ነው፤ ስልክ አያነሱላችሁም።

ሃርድ ዲስኩን ደንበኛው ይግዛ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ ወዲህ የዕቃው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ፎርኬ (4K) ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ይይዛል። 40 ሰዓት 1.8 ቴራ። ሁለት ኮፒ ደግሞ ግድ ነው፣ በሁለት የተለያየ ቤት። አንዱ ኮፒ ካሜራማኑ ጋ ይቀመጥ።

ኢንተርኔት ላይ ዋናውን ፋይል ለመላክ አታስቡ። 10 ሜጋቢት የሚልክ መስመር ቢኖራችሁ እንኳ 1.8 ቴራ ሳይቋረጥ ከ16 ቀን በላይ ይፈጃል። በ5 ሜጋቢት ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የሥራ ቅጂ) ሥሩለት፤ 90 ጊጋ ይሆናል፣ በ20 ሰዓት ይሄዳል። ውጭ አገር ያለው ዳይሬክተር በፕሮክሲው ይሠራል፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቀራል፣ የሚላላከው የፕሮጀክት ፋይሉ ብቻ ነው፤ እሱ በቴሌግራምም ይሄዳል።

መብራት፦ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ)፣ ለመሥራት ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት። ሬንደር (ቅንብሩን ወደ አንድ ቪዲዮ ማውጣት) ሌሊት ነው የማደርገው፣ ያኔ መብራቱ ይረጋጋል።

ግብር፦ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ፣ ንግድ ፈቃድ አውጡ። በ979/2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቲን ለሌለው ሰው ከፋዩ ድርጅት 30 በመቶ ቆርጦ ነው የሚያስቀረው። ብዙ ልጅ በዚህ ይመታል።

መኖር ይቻላል ወይ? ዶክመንተሪ ብቻ ይዞ ክረምትን ማለፍ ይከብዳል። እኔ ዛሬም በጥርና በሚያዝያ ሰርግ እሠራለሁ። አላፍርም።

---

ጀማሪ_አያት | ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ሃንድብሬኩ ሠራልኝ!! አመሰግናለሁ 🙏 አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሬ፦ ኦሮምኛ ሳትችል ኦሮምኛ እንዴት ኤዲት ታደርጋለህ?

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡48

ብቻዬን አላደርግም። ኢንተርቪው በሙሉ፣ የምንጠቀምበት ብቻ ሳይሆን በሙሉ፣ ከታይምኮድ (ከተነገረበት ደቂቃና ሰከንድ) ጋር ተጽፎ ይተረጎማል። "ባጭሩ እንዲህ እያሉ ነው" የሚል ተርጓሚ አልቀበልም። ስቆርጥም ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ "ሸጥኩ" ይሁን "አልሸጥኩም" የሚታወቀው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ኤዲተር ትንፋሽ ሰምቶ ይቆርጥና የሰውየውን አቋም ይገለብጠዋል። ሰብታይትል ስታወጣም እንዲሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ስክሪን ከሆነ የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ንግግሩን ሳይሆን ጽሑፉን አሳጥር።

---

የገበሬ_ልጅ | ዓርብ፣ ጠዋት 2፡40

ተርጓሚ ከፈለግክ እኔ አለሁ። በነፃ አይደለም 🙂

ለአባቴ ይህን ውይይት አነበብኩለት። "እሱ ልጅ የሚሠራው ፊልም ላይ እኔ አለሁ ወይ?" አለ። የለህም አልኩት። ቅር አለው።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ዓርብ፣ ጠዋት 3፡05

@የገበሬ_ልጅ የውስጥ መስመርሽን እዪ። በቀን ነው የምንከፍለው። አባትሽን ደግሞ ስለ ቦዩ ልንቀርጻቸው እንችላለን፣ ዳይሬክተሩን አነጋግሬዋለሁ። በትር አያስፈልግም በያቸው።

---

ሀና_ኮሚዩኒኬሽን | ዓርብ፣ ቀን 9፡20

እሺ፣ የገበሬው ልጅ አሸንፋኛለች። ውልህ ላይ ያለውን አንቀጽ እዚህ ለጥፈው። የሚቀጥለው ጨረታችን ላይ ለማስገባት ልሞክር።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ዓርብ፣ ቀን 9፡44

"ፊልሙ ፒክቸር ሎክ ከመደረጉ በፊት ከዚህ በታች ስማቸው የተዘረዘረ ባለታሪኮች ራፍ ከቱን (ረቂቅ ቅንብሩን) በሚገባቸው ቋንቋ ያያሉ። የሐቅ ስህተት ያለበትና የባለታሪኩን ደህንነት የሚያሰጋ ክፍል ይስተካከላል። ለዕይታውና ለማስተካከያው አምስት የሥራ ቀን ይያዛል። ወጪውን አሠሪው ይሸፍናል።"

ይኸው ነው። ጠበቃ አይቶታል፣ ብዙም አልነካውም።

---

ሀና_ኮሚዩኒኬሽን | ዓርብ፣ ማታ 12፡30

ለአለቃዬ አሳየሁት። "አምስት ቀን ብዙ ነው፣ ሁለት ይበቃል" አለ።

---

ኤዲተሩ_ከኮዬ | ዓርብ፣ ማታ 12፡36

በሁለት ቀን ሰበታ ደርሶ መመለስም አይቻልም፣ መንገዱን ያውቀዋል? ሦስት ይሁን። ከሎክ በፊት የሚለውን ቃል ግን እንዳይነካው።

---

ሀና_ኮሚዩኒኬሽን | ዓርብ፣ ማታ 12፡41

ሦስት። ሰኞ ሲፈርም እነግርሃለሁ።